አራት ጣሳ ቢራ ይዤ ደሴ ገባሁ

ዘንድሮ ገናንና ጥምቀትን ደሴ አሳለፍኩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መምጣቴ ነው። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። በዚህ ጊዜ አውሮፕላን፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ሁለት ማረፊያ፣ አንድ ድራፍት ቤትና አንድ ጠላ ቤት ተጠቅሜያለሁ። ከውጭ ለሚመጣ የወሎ ልጅ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ። ግን ከአሁኑ ልናገር፤ ብዙውን ቦታ የሚወስደው ጠላ ቤቱ ነው። ከጉዞዬ ሁሉ ልቤ የቀረው እዚያ ነው።

ምክንያቱ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ከሲያትል አራት ጣሳ ቢራ ይዤ መጥቻለሁ።

ሲያትል ከቤቴ በእግር አስር ደቂቃ ሄዳችሁ አንዲት ትንሽ የቢራ ጠመቃ ቤት አለች። አንድ ጋራዥ ብታክል ነው። ባልና ሚስት ናቸው የሚሠሩባት። ራሳቸው ይጠምቃሉ፣ ራሳቸው ይቀዳሉ፣ ራሳቸው ብርጭቆ ያጥባሉ። እንዲህ ያለውን ክራፍት ቢራ ይሉታል። እነሱ የሚታወቁት ሆፕስ በበዛበት ቢራ ነው፤ አይፒኤ ይባላል። መራራ ነው። እኛ በጠርሙስ ያደግንበት ቢራ "ላገር" የሚባለው ለስለስ ያለ ዓይነት ስለሆነ፣ አይፒኤን መጀመሪያ የቀመሰ ሀበሻ ብዙ ጊዜ ፊቱን ያኮሳትራል። እኔ አላኮሳተርኩም። የመጀመሪያውን ጉንጭ ስውጥ ትዝ ያለኝ የእናቴ እንስራ ነው። "ጌሾ አለበት እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ። ባልየው ጌሾ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። አስረዳሁት። ወዳጅነታችን የጀመረው በዚያ ነው።

ስለ ሆፕስ ትንሽ ልበል፣ በኋላ ያስፈልገናል። ሆፕስ ሐረግ ነው። ከሲያትል ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብትነዱ ያኪማ ሸለቆ ትደርሳላችሁ። አሜሪካ ከምታመርተው ሆፕስ ሦስት አራተኛው ገደማ የሚበቅለው እዚያ ነው። ሐረጉ በተወጠረ ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ከአምስት ሜትር በላይ ይወጣል። ለቢራ የሚፈለገው የሴቴው ተክል አበባ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ቅርፊት በቅርፊት የተደራረበ ነው። በጣታችሁ ስትፈረክሱት ውስጡ ቢጫ ዱቄት ታገኛላችሁ። መራራውም መዓዛውም ያለው እዚያች ዱቄት ውስጥ ነው። መራራው እንዲወጣ ሆፕሱ ከብቅሉ ውሃ ጋር አንድ ሰዓት ያህል እሳት ላይ መንተክተክ አለበት። መዓዛው ግን በእንፋሎት ይበንናል። ስለዚህ ለመዓዛ የሚፈልጉትን ሆፕስ መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም ቢራው ቀዝቅዞ ከፈላ በኋላ ይጨምሩታል። (በአማርኛ ውሃውም ይፈላል፣ ጠላውም ይፈላል። እዚህ ላይ የጠላውን ዓይነት መፍላት ማለቴ ነው።)

የጠማቂው ሚስት ደግሞ አቀማመስ አስተማረችኝ። መጀመሪያ አሽትተው። ከዚያ ትንሽ ጎንጨት በል፣ አፍህ ውስጥ አንቀሳቅሰው። ዋጠው። አሁን ዝም ብለህ ጠብቅ። መራራ ከዋጥከው በኋላ ነው የሚመጣው። ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ አለ፤ ዘግይቶ መጥቶ ምላስ ሥር የሚቀመጥ አለ። ጠላ እየጠጣሁ አድጌ ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። ስለዚህ ለዚህ ጉዞ ሁለት ነገር አቀድኩ። አንደኛው፣ የደሴን ጠላ በዚህ አቀማመስ መቅመስ። ሁለተኛው፣ ያንን ቢራ ጠላ ለሚያውቅ ሰው ማስቀመስ።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረርኩ። አንድ ሰዓት አይሞላም። ከውጭ የምትመጡትም በዚያው አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡን ትኬት አብራችሁ ቁረጡ፤ ዋጋው ይቀንስላችኋል። በመኪና ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ አድርጎ ይመጣል። መልከዓ ምድሩ ደስ ይላል። ግን ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ጥምዝምዙን ስትወጡ ጆሮ ይደፈናል፣ ቀጥሎ ብርዱ ይቀበላችኋል። ረዳቱ ሻንጣዬን ጣራ ላይ ሊጭን ነበር። "የሚሰበር አለበት" ስለው ጥያቄ አላበዛም። "አብሽር፣ እግርህ ሥር አድርገው" አለኝና አንድ ሽማግሌ ጠጋ እንዲሉልኝ ለመነልኝ። አብሽር የምትለዋን ቃል ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደሴ የገባሁት ያኔ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

የመጀመሪያው ማረፊያዬ አልተሳካም። ከሲያትል በስልክ ክፍል ይዤ ነበር፤ ስደርስ ስሜ መዝገቡ ላይ የለም። ክፍል ተገኘ፣ ሙቅ ውሃ የለም። "ማታ ይመጣል" ተባልኩ። ማታ አልመጣም። ጠዋትም አልመጣም። በገና ሰሞን የደሴ ጉም መስኮት ላይ ተለጥፎ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ለእንግዳ ከባድ ነው። የከፋኝ ውሃው አይደለም። እውነቱን ቢነግሩኝ በባልዲ አሙቁልኝ እል ነበር። በሁለተኛው ቀን ከአክስቴ ቤት ብዙ የማይርቅ ፔንሲዮን ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ብርድ ልብሱ ግን ሦስት ነው። ባለቤቲቱ ጠዋት ጠዋት በር አንኳኩታ ሙቅ ውሃ በባልዲ ታስቀምጥልኛለች። እስከ መጨረሻው እዚያው ቆየሁ። ምክሬ፣ ክፍሉን ሳታዩና ቧንቧውን ሳትከፍቱ የብዙ ቀን ሒሳብ አትክፈሉ።

ክፍያን በተመለከተ፣ እንደደረሳችሁ በፓስፖርት ሲም ካርድ አውጡና ቴሌብር አስከፍቱ። ባጃጁም፣ ሱቁም፣ ጠላ ቤቱም በእሱ ይቀበላል። በጥሬ ብር ስከፍል መልስ ፍለጋ ሰው ሲሯሯጥልኝ አፍሬያለሁ።

አንድ ቀን ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ኮምቦልቻ ወረድን። ኮምቦልቻ የቢራ ከተማ ናት፤ የቢጂአይ ፋብሪካ እዚያ አለ። ባቲ የሚባለውም ቢራ የኮምቦልቻ ነው። ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ አይጠጣም። እሱ ቡና፣ እኔ አንድ ጃምቦ የጊዮርጊስ ድራፍት አዘዝን። የፍየል ጥብስ አብሮ መጣ። ብርጭቆው ንጹሕ ነው። ቅዝቃዜው ልክ ነው። አረፋው እስከ መጨረሻው ቆየልኝ። ያንን ድራፍት ከአይፒኤ ጋር አላወዳድረውም። መራራው ቀለል ያለ፣ ጥሙን ቶሎ የሚያረካ ነው። ለኮምቦልቻ ሙቀትና ለፍየል ጥብስ የሚስማማው እሱ ነው። አስተናጋጇ ጓደኛዬ ቡናውን ከጨረሰ በኋላ ሳይጠይቅ ውሃ አመጣችለት። እንደዚህ ያለ ትንሽ ነገር ቤትን ያስወድዳል። ደግሜ እሄዳለሁ።

አሁን ጠላ ቤቱ።

አክስቴ በወጣትነቷ በሰፈሩ የታወቀች ጠማቂ ነበረች። አሁን ጉልበቷ እንስራ አያነሳም። የመጀመሪያውን ጣሳ ቢራ የከፈትኩት ለእሷ ነው። አሸተተችው። "ሽታው ጥሩ ነው" አለች። ቀመሰችው፣ ቆየች። "ይሄ የሆድ መድኃኒት ነው" ብላ መለሰችልኝ። "አንተ ልጅ፣ ይህን የሚያውቅልህ ሌላ ሰው ነው። የጥምቀት ጠላ የማዘው ከእሳቸው ነው። ነገ እወስድሃለሁ።"

በማግስቱ ከሰኞ ገበያ ወጣ ብሎ ወዳለ ጭቃ ግድግዳ ወሰደችኝ። ቤቱ ስም የለውም። በአጣና ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ አለች፤ ማስታወቂያው እሷ ናት። ውስጡ ጨለም ይላል። ግድግዳውን ተከትሎ አግዳሚ ተደርድሯል። ጥግ ላይ ሁለት ጋንና አራት እንስራ አሉ። ባለቤቲቱ ስልሳውን ያለፉ ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እትዬ አልኳቸው።

ስንገባ እንስራ እያጠቡ ነበር። በግራዋ ቅጠል እየፈተጉ ሦስት ጊዜ አጠቡት። ከዚያ ፍም ላይ የወይራ እንጨት ጣሉና እንስራውን ጭሱ ላይ ደፉት። ጭሱ በጎን ሾልኮ ቤቱን ሞላው። ልጅነቴ አፍንጫዬ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ባምበርግ በምትባል ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚሠሩት ቢራ አለ። ሲያትል አንድ ጊዜ ቀምሼው ተገርሜ ነበር። እዚህ ቆሜ ሳስበው፣ የተገረምኩት ስለማውቀው ኖሯል።

"መጀመሪያ ዕቃው ነው" አሉኝ እትዬ። "ዕቃው ካልታጠነ ጠላው ሰው አያከብርም።" ቀጥሎ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል። ከዚያ አሻሮ፣ ማለት እስኪጠቁር የተቆላ ገብስ ዱቄት ይጨመራል። ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይታሸጋል። "ቆላ ባራት ቀን የሚደርሰው እኔ ጋ ሳምንት ይፈልጋል" አሉ። ብርዱ ነው የሚያዘገየው። እሳቸው ግን በዚህ አይከፉም። የቸኮለ ጠላ ቶሎ ይሆመጥጣል ባይ ናቸው።

እርሾውን ከየት እንደሚያመጡ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ገረማቸው። "እርሾማ እንስራው ውስጥ አለ። ጌሾውም ያመጣል።" ይህን መልስ የሲያትሉ ጠማቂ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር። እሱ እርሾ በፓኬት ይገዛል። በጠላ ውስጥ ግን የሚሠራው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው የሚመጣው የተፈጥሮ እርሾ ነው። ለጠላው ያንን ረቂቅ ኮምጣጣነት የሚሰጡት ባክቴሪያዎችም አብረው ይመጣሉ። በፈረንጆቹ 1516 የወጣው የታወቀው የባቫሪያ የቢራ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይሠራ ይላል። እርሾ አልተጠቀሰም። ያኔ አያውቁትም ነበር። ዕቃው ያውቅ ነበር ማለት ነው፣ እንደ እትዬ እንስራ።

ገብሱን አሳዩኝ። ከወረኢሉ በኩል የመጣ ነው፤ ነጭና ጥቁር ፍሬ ተቀላቅሎበታል። እፍኝ ሙሉ ያዝኩና አንድ ነገር ነገርኳቸው። አሜሪካ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ፣ ገብስን እያቀጨጨ ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ ነበር። በሽታውን የሚቋቋመው ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በዚያ ዘር አዳቅለው ነው እርሻቸውን ያዳኑት። እትዬ ገብሱን ከእጄ መልሰው ወደ ቁናው ሲያፈሱት አንዲት ፍሬ መሬት ወደቀች። ጎንበስ ብለው አነሷት።

ከዚያ ተቀዳልኝ። በጣሳ ነው የመጣው፣ እኔ ግን ቀለሙን ለማየት ብርጭቆ ለመንኩ። ጥቁር ቡና ላይ ትንሽ ወተት እንደማድረግ ያለ ቡናማ ነው። አረፋው ስስ ነው። አሸተትኩት። መጀመሪያ የወይራ ጭስ፣ ከሥሩ የተቆላ ገብስ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የቂጣ ሽታ አለ። ጎነጨሁ። ቀዝቃዛ ነው፤ ሸክላው ያቀዘቅዘዋል። ሲገባ ለስላሳ ነው፤ ጎን ላይ ትንሽ ይኮመጥጣል። ዋጥኩና ጠበቅኩ። መራራው አልመጣም። ጠበቅኩ። አሁን ከምላሴ ሥር፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንጨት ልጣጭ ያለ ደረቅ መራራ ተነሳ። ተነስቶም አልሄደም። ሌላ ጉንጭ ጠራ። ያደግኩበትን መጠጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት በዚያ ቀን ነው።

ሁለተኛውን ጣሳ ቢራ ያኔ አወጣሁ። ሌሊቱን ደጅ አሳድሬው ነበር፤ የደሴ ብርድ ከማቀዝቀዣ አይተናነስም። ስከፍተው አረፋው እጄ ላይ ፈሰሰ። ሲያትል የባሕር ጠረፍ ናት፣ ደሴ ተራራ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ጋዙ በኃይል ይወጣል። እትዬ ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሱ፣ አሸተቱ።

"ሎሚ ጨምረውበታል?"

"ኧረ ምንም ፍሬ የለበትም፣ እትዬ። የአበባው ሽታ ነው።"

አላመኑኝም። ጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አክስቴም እኔም ዝም አልን። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁለት አናጢዎችም ዝም አሉ።

"መራራው የጌሾ ቅጠል ነው የሚመስለው" አሉ በመጨረሻ። "የእንጨቱን አይመስልም። ቅጠሉ ቶሎ ይይዝሃል፣ ቶሎ ይለቅሃል። እንጨቱ ነው የሚቆየው። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ይሄ ቅጠል ብቻ ነው።"

የሲያትሏ ጠማቂ ከዓመታት በፊት ያስተማረችኝን እትዬ ያለ አስተማሪ ያውቁታል። ቶሎ የሚመጣና ዘግይቶ የሚመጣ መራራ። እነዚያ በደቂቃ ቆጥረው፣ ሆፕሱን መቼ እንደሚጨምሩ አስልተው የሚያመጡትን ልዩነት፣ እሳቸው ከአንድ ተክል ቅጠሉንና እንጨቱን በመለየት ያመጡታል።

ሌላም ያሰብኩት ነገር አለ። ደሴ ከፍታዋ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በ100 አይደለም። የሆፕስ መራራ ደግሞ የሚወጣው በሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ አይፒኤ ልጠምቅ የሚል ሰው ከሲያትሉ የበለጠ ሆፕስ መጨመር ወይም ረዘም አድርጎ ማንተክተክ ይኖርበታል። ለጠላ የሚሆን ጌሾ ግን እሳት አይፈልግም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በቀናት ውስጥ፣ መራራውን ይሰጣል። ለደጋ አገር የተሠራ ጥበብ ነው። ጌሾ አጠገባችን ይበቅላል፣ ሆፕስ ግን ለቢራ ፋብሪካዎቻችን ከባሕር ማዶ ይመጣል። ከእናቶቻችን ጋር ቁጭ ብሎ በጌሾ ንጹሕ፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚገባ ቢራ የሚሠራ ትንሽ ጠመቃ ቤት ደሴ ውስጥ ቢከፈት የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ። ሻንጣ ሙሉ እወስዳለሁ።

እትዬ "ከተጠመቀ ስንት ቀን ሆነው?" አሉኝ። ወር አልፎታል ስላቸው ደነገጡ። "ጠላ ወር ቢቆይ ኮምጣጤ ነው!" ጣሳው አየር እንደማያስገባ አስረዳሁ። ግን ልክ ናቸው። እኔም ልዩነቱን አውቄዋለሁ። ሲያትል ላይ ብርጭቆው ገና ሳይቀርብ የሚሸተው መዓዛ ደክሟል። ሆፕስ የበዛበት ቢራ ቀን ሲቆጥርና ሙቀት ሲነካው መጀመሪያ የሚያጣው መዓዛውን ነው። ሁለቱም መጠጦች የሚጠጡት በተጠመቁበት አካባቢ፣ በጊዜያቸው ነው።

ስንት ፐርሰንት አልኮል እንዳለው ጠየቅኳቸው። የቢራው ጣሳ ላይ 6.5 የሚል ተጽፏል። እትዬ "የኔው አንዱ ያጫውታል፣ ሁለቱ ያዘፍናል፣ ሦስተኛው ቤትህን ያስረሳል" አሉ። ተራው ጠላ ከቢራ ቀለል ይላል፤ ፊልተር የሚባለው የተጣራ ጠላ ግን ይጠነክራል፣ አትናቁት። ከውጭ ለመጣ ሆድ ደግሞ ጉሹን፣ ማለት ገና ያልጠራውን፣ በመጀመሪያው ቀን አልመክርም። ከጠራው ጀምሩ፣ ያውም በአንድ ብርጭቆ።

በሌላ ቀን ጓደኛዬን ይዤው ሄድኩ። ጠላ ቤት ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። እትዬ ለእስላም እንግዳ ቀሪቦ ያዘጋጃሉ፤ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚሠራ፣ ጌሾ የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ነው። እንስራውም መጠጫውም ለብቻው ነው፣ ከጠላው ጋር አይነካካም። ጓደኛዬ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ አይጠየፍ ብለውታል። የእትዬ ቤት የዚያ አዳራሽ ታናሽ ይመስለኛል። ሦስተኛውን ጣሳ ቢራ ያን ቀን ለአናጢዎቹ ከፈትኩላቸው። አንደኛው ወደደው። ሌላኛው እንደ አክስቴ የሆድ መድኃኒት ነው አለ።

ቅር ያለኝንም ልጻፍ፣ የምጽፈው ስለምወደው ቤት ስለሆነ። መጠጫዎቹ የሚለቀለቁት በአንድ ባልዲ ውሃ ነው፤ ውሃው ቶሎ ቶሎ ሊቀየር ይገባል። ለእትዬ ራሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። ልጃቸው ባለ ቧንቧ ጀሪካን እንድትገዛ ተስማሙ፣ በማግስቱም ተገዝቶ አየሁት። መጸዳጃው ጓሮ ነው፤ መብራት የለውም፤ ከመሸ የስልክ መብራት ያዙ። ደግሞ የትኛው ጠላ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ እንግዳ የሚያውቅበት መንገድ የለም። እኔ ሁለት ቀን ሄጄ "ገና ነው" ተብያለሁ። ይህን ግን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ያልደረሰ አለመሸጥ ክብር ነው።

ዋጋውን ካነሳን፣ አንድ ጣሳ ጠላ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ግማሽ አይሞላም። ሲያትል ለአንድ ብርጭቆ አይፒኤ የምከፍለው እዚህ አግዳሚው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ያጠጣል። ለእትዬ ጉርሻ ልጨምር ብል እምቢ አሉ። ይልቅ "ለአክስትህ የጥምቀቱን በሰዓቱ አድርስልኝ" አሉኝ። በከተራ ዋዜማ ሃያ ሊትር ጀሪካን በባጃጅ አቅፌ ወሰድኩ። የባጃጁ ልጅ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይቆምልኛል። "የጥምቀት ጠላ አይንገላታም" ይላል።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ነው፤ የሳምንቱ ጠላ የሚደርሰው ያኔ ነው። ወፍራም ልብስ ልበሱ። ቆሎ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለጎረቤታችሁም ታካፍላላችሁ። የጠላ ቤቱን ቦታ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሰኞ ገበያ ደርሳችሁ የተደፋች ጣሳ ያለበትን ጠይቁ።

በመጨረሻው ቀን ለመሰናበት ሄድኩ። አራተኛውን ጣሳ ለእትዬ ሰጠኋቸው። መደርደሪያው ላይ፣ ከስኒዎቹ ጎን አስቀመጡት።

"ለፋሲካ እከፍተዋለሁ።"

"እትዬ፣ እስከ ፋሲካ ሽታው ያልቃል። መጠጣት ያለበት ዛሬ ነው።"

ትንሽ አሰቡ። ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረዱና ሦስት ብርጭቆ በአዲሱ ጀሪካን ውሃ አለቀለቁ፤ ለአክስቴም አንድ።